ጣት ላይ የምትሰካዋን መለኪያ ምን ያህል እንመናት?

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ቦሌ ያለው ሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማዕከል በሆነ ጊዜ፣ ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክሲጅን መለኪያ ከሆስፒታል ወጥታ ቤታችን ገባች። ዛሬም በብዙ አያቶች መሳቢያ ውስጥ አለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ስለሆንኩ ጎረቤቶቼ «ሲስተር፣ ይቺን ነገር ልመናት?» ይሉኛል።

ራቅ ካለ ቦታ ልጀምር። ጃፓን ውስጥ ከተራራ ሥር 50,000 ቶን ውኃ የያዘ ሱፐር ካሚዮካንዴ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። ኒውትሪኖ የተባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች ከውኃው ጋር ሲጋጩ የሚፈነጥቀውን ደካማ ብርሃን ከ11,000 በላይ ሴንሰሮች ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ሴንሰር ሲፈተን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ብርሃን ሳይኖርም «አየሁ» ብሎ የሚቆጥርበት ጊዜ አለና፣ የሐሰቱ ቆጠራ ካልታወቀ እውነተኛው አይለይም።

የእኛዋም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አኦያጊ መሠረቷን የጣሉት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ቀይና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ታሳልፋለች፤ ከማዶ ያለው ሴንሰር የደረሰውን ይለካል። ኦክሲጅን የጎደለው ደም ቀዩን አብዝቶ ይውጣል። በመሐል መብራቶቹ ለቅጽበት ይጠፋሉ፤ ያኔ የክፍሉን ብርሃን ለክታ ከሂሳቡ ትቀንሳለች። ቢሆንም ጠንካራ ፀሐይ ያሳስታታልና መስኮት ሥር አይለኩ። የቀዘቀዘ እጅ ይሙቅ፤ የጥፍር ቀለም ይጥረጉ። የልብ ምቱን በእጅ አንጓ ቆጥረው ከምታሳየው ጋር ያመሳክሩ። ካልተስማማ የኦክሲጅኑንም ቁጥር አይቀበሉ።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ብዙም አይስተካከልም። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት፣ መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 እያሳየች ደማቸው ግን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ ይልቅ በጥቁሮቹ ሕሙማን ላይ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። የቆዳ ጥቁረት ብርሃኑን ስለሚነካው ነው። እኛን ይመለከታል ማለት ነው! በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ጤነኛ ሰውም ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ጥቂት ዝቅ ሊልበት ይችላል።

ከ90 በታች ካሳየች አይዘግዩ። የአዋቂዋ መቆንጠጫ ለጨቅላ ጣት አትሆንም። ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ ወይም የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መለኪያዋ 95 ብትልም ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።