መብራት ሲመጣ አብሮ የማይመጣው አገልግሎት

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፣ መብራት ድንገት ሲሄድ የዩፒኤስ ባትሪ ጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ከዚያ ሰርቨሩም ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል፣ ማራገቢያው ይዞራል። ሪፖርት ልትሞላ ብሮውዘር የከፈተችው ባለሙያ ግን ገጹ እምቢ ይላታል።

ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበትን ዲኤችአይኤስ 2 እንውሰድ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ይህ ሥርዓት ሁለት አገልግሎቶች ላይ ይቆማል፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስኪውኤልና ገጹን የሚያቀርበው ቶምካት። ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስኪውኤልን በአፕት የጫነ ሰው ምንም ሳይጨምር አገልግሎቱ ይነሳለታል፤ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥርም ራሱ ይነሳል። ቶምካትን አውርዶ በእጁ ካስነሳው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማሽኑ እስካልጠፋ ይሠራል፤ ከጠፋ በኋላ መልሶ የሚያስነሳው የለም።

በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ማሽኑ ሲከፈት አገልግሎቶችን የማስነሳቱ ሥራ የሲስተምዲ ነው። ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ፕሮግራም ነው፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ዋና ማስነሻቸው አድርገውታል። ከርነሉ እንደተነሳ የሂደት ቁጥር 1 ይዞ ይጀምርና ሌሎቹን ያስነሳል።

«ሲስተምሲቲኤል ስታርት» የተባለው የሲስተምዲ ትእዛዝ አገልግሎቱን አሁኑኑ ያስነሳል፤ ለሚቀጥለው መነሻ ግን ምንም አይመዘግብም። «ኢኔብል» አሁን አያስነሳም፤ አብዛኛውን ጊዜ «መልቲዩዘር» በተባለው የመነሻ ደረጃ ማህደር ውስጥ ወደ አገልግሎቱ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ያስቀምጣል። ማሽኑ ሲነሳ ሲስተምዲ ያንን አይቶ ያስነሳል። ብዙ ሰው የሚሸወደው «ስታተስ» ላይ ነው። «አክቲቭ» የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ ያይና ይረካል፤ ከበላዩ ባለው መስመር «ዲስኤብልድ» መባሉን አያነብም።

መፍትሔው አጭር ነው። ለቶምካቱ አሥር መስመር የማይሞላ የአገልግሎት ፋይል ይጻፋል፤ «አፍተር» የሚለው መስመር ከፖስትግሬስኪውኤል በኋላ እንዲነሳ ያዛል፣ «ኢንስቶል» የሚለው ክፍል ደግሞ በየትኛው ደረጃ እንደሚነሳ ይናገራል። ይህ ክፍል ከተረሳ «ኢኔብል» የሚይዘው ነገር አያገኝም። ከዚያ «ኢኔብል» ላይ «ናው» ሲጨመር ማስነሳቱም መመዝገቡም በአንድ ትእዛዝ ይፈጸማሉ።

ሰርቨር ተክሎ የሚያስረክብ ባለሙያ ሥራ በሌለበት ሰዓት ማሽኑን ሆን ብሎ ሪቡት አድርጎ፣ ኪቦርድ ሳይነካ ገጹ መምጣቱን ማየት አለበት። ባዮሱም መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲከፈት መስተካከሉን በዚያው ይፈትሽ፤ ያ ካልተስተካከለ ሲስተምዲ ሥራውን የሚጀምርበት ዕድልም አያገኝም።