ካርቦኑ የት ይቀመጥ?

እ.ኤ.አ. በ2019 ፈረንሳይ ውስጥ ሸርቡር ከሚገኝ ፋብሪካ የወጣው የንፋስ ተርባይን ክንፍ 107 ሜትር ይረዝማል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ርዝመት የሚያዘው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው። ሠሪው ኤልኤም ዊንድ ፓወር ፋይበር ግላስንና የካርቦን ፋይበርን በሬዚን ሙጫ አጣምሮ ነው የገነባው። እንዲህ ያለው ቁስ ድቅል ኮምፖዚት ይባላል።

መደቀሉ ለምን አስፈለገ? እንደ ክንፉ አንድ ጫፉ የታሰረ ቢም (ጭነት የሚሸከም ረጅም አካል) ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን፣ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር (ድግግሞሹ) ወደ ሩብ ይወርዳል። ረጅም ክንፍ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል ማለት ነው። ተርባይኑ ደግሞ ክንፉን በየዙሩ ይነቀንቀዋል። የሁለቱ ምት ከተገጣጠመ ውዝዋዜው እያደገ ይሄዳል፤ መሐንዲሶች ሬዞናንስ የሚሉት ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ቢሙን ሳያከብዱ ማጠንከር ነው። የካርቦን ፋይበር ከፋይበር ግላስ ሦስት እጥፍ ገደማ አይበገሬ (በቀላሉ የማይጎብጥ) ነው፣ ቀላልም ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ያለችውን ካርቦን የት እናስቀምጣት የሚለው ይሆናል።

መልሱ በቀላል ስሌት ይገኛል። የቢሙ ውፍረት ሩቡ ካርቦን፣ ቀሪው ፋይበር ግላስ ይሁን። ካርቦኑ መሐል ላይ ከተቀበረ፣ መጉበጥን ከሚቋቋመው የቢሙ ቅርጽ ድርሻው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያው ካርቦን ለሁለት ተከፍሎ ላይና ታች ቢነጠፍ ድርሻው ወደ 58 በመቶ ይዘላል። ክብደቱ ያው፣ ወጪውም ያው፤ የንዝረቱ ድግግሞሽ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከድቅል ቢም ምስጢር ትልቁ ይህ የንብርብር ቅደም ተከተል ነው።

አይበገሬነት ብቻውን ግን አይበቃም። ካርቦን አንዴ ከተመታ ቶሎ አይረጋም። እዚህ ላይ የተልባ አገዳ ቃጫ ይመጣል። የኢትዮጵያ ገበሬ ተልባን ለዘሩ ይዘራዋል፤ ፈረንሳይና ቤልጂየም ግን ለአገዳው ቃጫ ያለሙታል። የተልባ ቃጫ በውስጡ በሚፈጠር ፍትጊያ ንዝረትን ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርዳል። የቤልጂየሙ ብስክሌተኛ ዮሃን ሙሴው በስሙ ያቋቋመው ኩባንያ ተልባና ካርቦን የተጣመሩበት የብስክሌት ፍሬም ለገበያ አቅርቦ ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን እጅ የሚሰማው ንዝረት እንዲቀንስ ታስቦ ነው። ጉድለትም አለው፤ ተልባ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲርስም ይለሰልሳል።

ንዝረቱን ለመለካት ቤተ ሙከራ ውስጥ የድቅል ቢም ናሙና አንድ ጫፉ ይታሰርና በትንሽ መዶሻ መታ ይደረጋል፤ የተለጠፈበት ሴንሰር እስኪረጋ ድረስ ንዝረቱን ይመዘግባል። ያው ናሙና ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ድግግሞሹ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ላዩ ደህና ቢመስልም ባለሙያዎች ንብርብሮቹ መላቀቅ እንደጀመሩ ይጠረጥራሉ።