ጓሉ ስንት ሳንቲም ይዟል?

ሬጅ ሚድና ሪቻርድ ማይልስ በጀርሲ ደሴት አንድ ወሬ ሰሙ። አንዲት ሴት አባቷ እርሻ ላይ የብር ሳንቲሞች አግኝቶ እንደነበር ታወራ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ወሬውን ይዘው ለ30 ዓመታት ያህል ፈለጉ። ባለመሬቱ የሚፈቅድላቸው አዝመራው ከተነሣ በኋላ ብቻ ስለነበር ፍለጋው ዕድሜ ፈጀ።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) የብረት መፈለጊያ መሣሪያቸው ጮኸ። ጥቂት ሲቆፍሩ ሳንቲሞች እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ትልቅ ጓል ሆነው አገኙ። ከዚያ በላይ አልነኩትም፤ ባለሙያ ጠሩ። ለዚህ ትዕግሥታቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ ሳንቲሞቹን እየነቀሉ ቢያወጡ ኖሮ ማን ከማን ጎን እንደተኛ የሚያሳየው መረጃ ሁሉ በጠፋ ነበር።

ጓሉ ርዝመቱ 1.4 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 750 ኪሎ ግራም ነበር። በክሬን ከነአፈሩ ተነሣ። በውስጡ ስንት ሳንቲም አለ? ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ ከ30,000 እስከ 50,000 ገመቱ።

እስቲ በሚዛኑ እናስላው። በጓሉ ውስጥ በብዛት ያለው፣ በዛሬው የፈረንሳይ ብሪታኒ ይኖሩ የነበሩት ኮሪዮሶሊቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ50 ዓመት ግድም ያስመቱት ትልቁ ሳንቲም 6.5 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 750 ኪሎውን በዚህ ብናካፍለው 115,000 ሳንቲም ይወጣል። ግን ጓሉ ሁሉ ሳንቲም አይደለም። ግማሹ አፈር ከሆነ ቁጥሩ ወደ 58,000 ይወርዳል፤ ሲሶው ብቻ አፈር ከሆነ ደግሞ 77,000 ይሆናል። እንግዲህ የጥያቄው ቁልፍ የአፈሩ ድርሻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጓሉ ሳይፈታ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ እነዚህ ሳንቲሞች በእጅ የተመቱ ናቸው። የዛሬው ሳንቲም በማሽን ስለሚመታ አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም፤ ለዚህም ነው ባንክ ከረጢቱን በሚዛን የሚቆጥረው። ጥንታዊው ሳንቲም ግን አንዱ ይከብዳል፣ ሌላው ይቀላል፤ ሩብ ዋጋ ያላቸው ትንንሾችም አብረው ተቀላቅለዋል።

ስለዚህ መቁጠር ግድ ሆነ። በ2014 የቅርስ ጥገና ባለሙያው ኒል ማህረርና ባልደረቦቹ በላ ሁግ ቢ ቤተ መዘክር፣ ጎብኚ በመስታወት እያያቸው፣ ጓሉን ይፈቱ ጀመር። ከብሩ ጋር የተቀላቀለው መዳብ ዝጎ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሳንቲሞቹን አያይዟቸዋል። እያንዳንዱ ከመነቀሉ በፊት ያለበት ቦታ በሌዘር መሣሪያ ይመዘገብ ነበር። በመካከሉ የወርቅ የአንገት ጌጦችም ብቅ አሉ።

በጥር 2017 የመጨረሻው ሳንቲም ወጣ። ድምሩ 69,347 ሆነ። በ6.5 ግራም ብናባዛው 450 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ከጓሉ 300 ኪሎ ገደማ አፈር፣ ዝገትና ጌጣጌጥ ነበር ማለት ነው። ከመጀመሪያው ግምት የላይኛው ጫፍ እንኳ ከ19,000 በላይ ሳንቲም ጎድሎታል። በ2021 የጀርሲ መንግሥት ክምችቱን በ4.25 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው።