ባዶው ወንበር የማን ፍርድ ነው?

መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ሆኖ አንባቢውን ለዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ተውኔትና የሙዚቃ ትርዒት ግን በዚያች ምሽት፣ በዚያ አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ካልቀረቡ ሕይወት የላቸውም። በመሆኑም መጋረጃው ተገልጦ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው መልሱን በችኮላ መስጠት ነው። «ሕዝቡ ለጥበብ ፍቅር የለውም»፣ «ንቃቱ ዝቅተኛ ነው» የሚለው አባባል በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ካለው ሐቅ ጋር ሲመዘን ሚዛን አይደፋም።

በየዓመቱ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ማሰብ ይበቃል። ኢሬቻ የምስጋና በዓል እንጂ ትርዒት አይደለም፤ ሆኖም ከባቱ፣ ከሞጆ፣ ከአዳማና ከሻሸመኔ የሚጎርፈው ሕዝብ ማንም ሳያስተምረው እየዘፈነና እየተቀባበለ ሲሄድ የሚያይ ሰው የጥበብ ፍቅር የለም ለማለት አይደፍርም። ስለዚህ መመርመር ያለበት የሕዝቡ ልብ ሳይሆን ወደ አዳራሹ የሚወስደው መንገድ ነው።

የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት ከመነሻው ሁለት ዓይነት ተመልካች ነበረው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ዎቹ ሲቀርብ የታደመው በሆቴል የተሰበሰበ የመኳንንት ወገን ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ግን የፋሺስት ወረራ ባንዣበበበት ጊዜ በንግግርና በዜማ የተራውን ሕዝብ ልብ ለመቀስቀስ ተነሣ። ከዚህ የምንረዳው ተመልካች ከመድረኩ በፊት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አለመሆኑን ነው። ማን እንደሚመጣ የሚወሰነው ማን እንደተጠራና የት እንደተጠራ ነው።

ወደ ሕዝቡ በሚያደርሰው በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያው እንቅፋት ጊዜ ነው። በወንጂ የስኳር ማምረት ሥራ ከተጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ሠራተኛ ሕይወት በፈረቃ የተቃኘ ነው። አገዳ በሚፈጭበት ወቅት ወፍጮው ሌሊት ከቀን አይቆምም። ምሽት ላይ ትርዒት ሲጀመር አንደኛው ፈረቃ በሥራ ላይ ነው፤ ሌላው ለሌሊቱ ተራ ዐረፍ ብሏል። በባቱ የአበባ እርሻ ስትለፋ የዋለችው ሴት ደግሞ ከሥራ መልስ ቤቷና ልጆቿ ይጠብቋታል። ለቢሮ ሠራተኛ የተቆረጠ ሰዓት ለእነዚህ ወገኖች የተዘጋ በር ነው።

ከጊዜ ጋር የተያያዘው የመመለሻው ጉዳይ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ለረጅም ዓመታት በጸናው የሰዓት እላፊ ዘመን በአዲስ አበባ ሆቴሎች ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ነገር ግን መብራት በሌለው መንገድ ብቻዋን ለምትመለስ ሴት፣ የማታ የባጃጅ ክፍያ ከመግቢያው ዋጋ ጋር ለሚቀራረብበት ሠራተኛ፣ ሌላ ያልታወጀ ሰዓት እላፊ አለ። ትርዒቱ ምን ያህል ቢያምር ይህን አይሽረውም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1966 ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ሊቃውንት ያሳተሙት ጥናት የነገሩን ሥር ያሳያል። የፋብሪካ መሣሪያ ሲሻሻል በጥቂት ሰው ብዙ ምርት ይገኛል። አሥር ተዋንያን የሚሻ ተውኔት ግን ዛሬም አሥር ተዋንያን ይሻል፤ የልምምዱም ቀን አያጥርም። ስለዚህ የመድረክ ወጪ ከሌላው ምርት ይልቅ እየከበደ ይሄዳል፤ ሸክሙ ሁሉ በመግቢያ ዋጋ ላይ ሲጫን የላብ አደሩ ቤተሰብ ከበር ይቀራል። እነዚሁ ሊቃውንት በአገራቸው አዳራሾች ባደረጉት ጥናት አብዛኛው ተመልካች የተማረውና የባለሙያው ወገን መሆኑን፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ድርሻ ግን እጅግ አነስተኛ መሆኑን አግኝተዋል። በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የጠለቀው፣ የባለቤትነት ስሜት ነው። ሰው ራሱን በማያገኝበት መድረክ ፊት እንግዳ ነው። በ1950ዎቹ በድሬዳዋ የተነሣው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን፣ ከእርሱም የወጣው አሊ ቢራ፣ በአፋን ኦሮሞ መድረክ በጠበበበት ዘመን ተመልካቹን በሠርግና በበዓል ላይ አገኘው። በቋንቋው የተጠራ ሕዝብ ሳይለመን መጣ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቤተሰብም በሚነገሩባት በአዳማ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚጠራ ማስታወቂያ ከጎረቤታሞች አንዱን ብቻ ይጠራል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው የኪነት ቡድን ማቋቋማቸው ይታወሳል። ከእነዚህ ቡድኖች ብዙ ከያንያን ፈልቀዋል። አዳራሹ ቅርብ ነበር፤ በመድረኩ ላይ የሚታየውም የጎረቤት ልጅ ነበር። ይሁን እንጂ እውነቱ በሙሉ ይነገር ከተባለ፣ በጊዜው ከሕዝቡ መካከል ወዶ የመጣ እንደነበረ ሁሉ ቀሪ እንዳይባል ፈርቶ የመጣም ነበር። በግዴታ የሞላ አዳራሽ ግዴታው ሲነሣ ይጎድላል። ከዚያ ዘመን መወሰድ ያለበት ቅርበቱ ነው፤ መተው ያለበት ማስገደዱ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1890 በበርሊን የተመሠረተው የሠራተኞች የቴአትር ማኅበር አባላቱን እኩል መዋጮ እያስከፈለ መቀመጫውን በዕጣ ያድል ነበር፤ ከፊት የሚቀመጠውን ዕጣው እንጂ ሀብቱ አይወስነውም። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1963 የፈረንሳይን ብሔራዊ ሕዝባዊ ቴአትር የመራው ዣን ቪላር ደግሞ ሠራተኛው በጊዜ ቤቱ እንዲገባ የትርዒቱን ሰዓት አስቀደመ፤ ጉርሻ አስቀረ፤ በየፋብሪካው ካሉ የሠራተኛ ኮሚቴዎች ጋር ተዋዋለ። ሁለቱም ሕዝቡን ከመውቀሳቸው በፊት በሩን አሰፉ።

ለእኛ ይህ ባዕድ ትምህርት አይደለም። ዕድርና ዕቁብ የመሠረተ ሕዝብ በጋራ መዋጣትን ከማንም አይማርም። ለቀብር ድንኳን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚተክል የሰፈር ማኅበር በወር አንድ ጊዜ ለአባላቱ በጅምላ ትኬት መግዛትና የመመለሻ መኪና ማዘጋጀት አያቅተውም። የሠራተኛ ማኅበር ከከያንያን ጋር ተነጋግሮ ትርዒቱ በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረቃ ለውጥ ሰዓት፣ በሠራተኛው መንደር እንዲቀርብ ማድረግ ይችላል። ከያንያኑም በበኩላቸው የአዳማን ገበያ፣ የወንጂን አገዳ ቆራጭ፣ የሐዲዱን ዳር ኑሮ በሁለቱም ቋንቋዎች ወደ መድረክ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል።

በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አዳማ የተዘረጋው ፈጣን መንገድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ባለ መኪናው ተመልካች የዋና ከተማዋን መድረክ በአንድ ሰዓት ያህል ይደርስበታል። ፈረቃውን ጨርሶ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚያዘግመው ሠራተኛ ግን መድረኩ እርሱ ወዳለበት ካልመጣ አያገኘውም። ባዶው ወንበር በሕዝቡ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ ለእኛ የቀረበ ጥያቄ ነው። መልሱም ከሰፈራችን፣ ከማኅበራችን፣ ከሥራ ቦታችን ይጀምራል።