የመሪ ቃል ገበያ ሲደርስ

በሐረር ጁገል ውስጥ ጊደር መጋላ የሚባል ገበያ አለ። በሐረሪ ቋንቋ ‹‹ትልቅ ገበያ›› ማለት ነው። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌውና ሶማሌው ይገበያዩበታል፤ አንዱ በሌላው ቋንቋ ዋጋ ይከራከራል። ፖለቲከኞች የሚናገሩት ቃል መጨረሻ የሚያርፈው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ታዲያ ያቀራርበናል ወይስ ይለያየናል?

ሁለቱንም አይተናል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ ባሕር ዳር ላይ ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው ሲሉ የብዙዎች ልብ ተነካ። በዚያው ዓመት ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ‹‹የቀን ጅቦች›› አሉ። ቃሉ በሥልጣን ለበደሉ ሰዎች ነው ተባለ፤ ሕዝቡ ዘንድ ሲደርስ ግን በትግራይ ተወላጅ ሁሉ ላይ ተለጠፈ። ሐረር ጅብ በእጅ የሚመገብባት ከተማ ናት። ሰውን ግን አንዴ ጅብ ካሉት በኋላ አብሮ ማዕድ መቁረስ ይከብዳል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ነገሩ ባሰ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕወሓትን በካንሰርና በአረም መሰሉ። በዚያው ክረምት የሕወሓቱ አቶ ጌታቸው ረዳ ከአማራ ልሂቃን ጋር ሒሳብ እንደሚያወራርዱ ተናገሩ። አንዱ ‹‹ሕወሓት››፣ ሌላው ‹‹ልሂቃን›› አለ፤ ሰሚው ግን ጎረቤቱን አየ። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ለጥቂቶች የተባለውን ቃል ለይቶ ለጥቂቶቹ ብቻ የሚያደርስ የለም።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነትም ከተኩሱ ጋር የጥላቻ ንግግሩ እንዲቆም አዟል። ቃል ከጥይት እኩል ተቆጠረ ማለት ነው።

ይህ አዲስ አይደለም። በ1ኛ ነገሥት 12 ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልለት ሮብዓምን ለመነው። ሽማግሌዎቹ በመልካም ቃል መልስለት አሉት፤ እርሱ ግን በማስፈራራት መለሰ። አሥሩ ነገድ ተለይቶት ሄደ።

ወገኖቼ፣ ጥፋቱን በመሪዎች ላይ ብቻ አንጣል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ያንን የጅብ ቃል እኔም በስብከት መካከል እንደ ቀልድ ደገምኩት። ጉባኤው ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የትግራይ ተወላጅ እህት ግን አልሳቀችም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጣችም። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ የጠየቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አልተመለሰልኝም።

ስለዚህ ንግግር ስትሰሙ ጠይቁ፦ የተነገረው ስለ ተለየ ጥፋተኛ ነው ወይስ ስለ ሕዝብ? ስለ ሕዝብ ከሆነ፣ ከእናንተ አይለፍ።