«ፎርማት» ከማለታችን በፊት

ኮምፒዩተር አልነሣ ባለ ቁጥር በአካባቢያችን ቀድሞ የሚሰነዘረው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪያችን ይኸው ምክር ተሰጥቷት ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ቤተ ሙከራችን መምጣቷ ነው። በሊኑክስ የሚሠራው ይህ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። የሥርዓት ማሻሻያ በመጫን ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ኃይሉ ሲመለስ ጥቂት ነጭ መስመሮች በጥቁሩ ማሳያ ላይ ብቅ ብለው ቀጥ አሉ። በዲስኩ ላይ የሁለት ወር የስፔክትሮሜትር ልኬት ነበር፤ ቅጂ ግን አልነበረውም።

«መምህር፣ ዳታው ጠፋ ማለት ነው?»

«ቆዪ፣ መጀመሪያ የቱ ላይ እንደቆመ እንይ።»

ጥያቄው የሚመለሰው ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ በመረዳት ነው። ራም እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው በጥቃቅን ካፓሲተሮች ላይ በሚጠራቀም ቻርጅ በመሆኑ፣ ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱ ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሲነቃ የሚያነበው ትእዛዝ በራም ውስጥ የለም። መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠው ፈርምዌር ነው። ፈርምዌሩ ከዲስኩ ላይ ጫኚውን ፕሮግራም ያስነሣል። በቀድሞዎቹ የባዮስ ማሽኖች የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ለጫኚው ትእዛዝ የሚተርፈው 446 ባይት ነበር። ከአንድ የተማሪ ማመልከቻ ያነሰ መሆኑ ነው! ጫኚው በተራው ከርነል የተባለውን የሥርዓቱን እምብርት ወደ ራም ያመጣል።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ከርነሉ ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨር ያስፈልገዋል፤ ድራይቨሩ ግን ያለው በዚያው ዲስክ ላይ ነው። ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል እንደ ማለት ነው። ለዚህም ሲባል በብዙዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች አስፈላጊዎቹን ድራይቨሮች የያዘ አንድ ጥቅል ፋይል ከከርነሉ ጋር አብሮ ይጫናል። ይህ ጥቅል የሚዘጋጀው ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር ነው። የተማሪያችን ማሽን ኃይል ያጣው ጥቅሉ ተዘጋጅቶ ሳያልቅ ነበር። በማሳያው ላይ የቀረው ጽሑፍም ከርነሉ ዋናውን የፋይል ክፍል መክፈት እንዳልቻለ የሚገልጽ ነው። ከርነሉ ይህን ለመጻፍ ከበቃ ፈርምዌሩም ጫኚውም ሥራቸውን ፈጽመዋል ማለት ነው። ልኬቱ የነበረበትን ክፍል ደግሞ የነካው አልነበረም።

መፍትሔው አጭር ነው። ብዙዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች አዲስ ከርነል ሲጭኑ የቀድሞውን ወዲያው አይሰርዙም። ማሽኑ ሲነሣ የሺፍት ወይም የኢስኬፕ ቁልፍን በመጫን ግሩብ የተባለውን የጫኚ ዝርዝር አወጣን፤ ከዚያም ተጨማሪ አማራጮች ከሚለው ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መረጥን። ተነሣ። ይህም ባይሠራ ኖሮ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ አስነሥተን ዲስኩን ከውጭ እናነብ ነበር።

ዊንዶውስም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ባሠራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተስተጓጉለዋል። በየቦታው የነበሩ ባለሙያዎች ማሽኖቹን በሴፍ ሞድ እያስነሡ የሰረዙት ያንኑ የተሳሳተ ፋይል ነበር። ይሁንና ዲስካቸው በቢትሎከር የተመሰጠረባቸው ሰዎች የመክፈቻውን ቁልፍ አስቀድመው ካላስቀመጡ በዚህ መንገድ መሄድ ይቸግራቸዋል።

ተማሪያችን ማሽኑ እንደተነሣ ማሻሻያውን ለመጨረስ ቸኩላ ነበር፤ እኛ ግን ከለከልናት። በቅድሚያ ልኬቶቹ ወደ ሁለት ፍላሾች ተገለበጡ። ከዚያ በኋላ የተቋረጠው ማሻሻያ እንዲጠናቀቅ አደረግን፤ የከርነሉ ጥቅልም እንደገና ተዘጋጀ። ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ግልበጣው ነበር።