የሕፃናት ውፍረትና የቤተሰብ ገበታ በአዋሽና በሰመራ

ከደጋው አገር በሥራ ምክንያት ወደ ሰመራ የወረደ ቤተሰብ ለበዓል ወደ ትውልድ ቀዬው ሲመለስ፣ አያት የልጅ ልጇን አቅፋ በመጀመሪያ የምትናገረው ቃል የታወቀ ነው። ልጁ ሞላ ብሎ ከመጣ «ወፈረ፤ ተመችቶታል» ትላለች። ከስቶ ከመጣ ደግሞ «በረሃው በላብኝ» ብላ ታዝናለች። ረሀብን ደጋግሞ ያየ ሕዝብ ውፍረትን የጤና፣ ክሳትን የመከራ ምልክት አድርጎ መቁጠሩ አያስደንቅም። ኮሚሽናችንም በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ፣ ይልቁንም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወቅት የደከመው የሕፃናት ሰውነት እንዳይከሳ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሕፃናት ውፍረት ስንጽፍ «ይህ ደግሞ የእኛ ጉዳይ ነውን?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ አባቶች እንደሚነሣ እናውቃለን።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በአፋር ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል 18 በመቶ ያህሉ ለቁመታቸው ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 10 በመቶ ነበር። ዕድገታቸው የቀነጨረባቸው ደግሞ በክልሉ 41 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአገሪቱ ከመጠን በላይ የወፈሩት ሕፃናት 1 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚህ ብቻ ቢሆን ጽሑፋችንን እዚህ ላይ ማቆም በተገባን ነበር። ነገር ግን ጥናቱ ስለ እናቶችም ይናገራል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የገጠር ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 4 በመቶ ሲሆኑ፣ በከተማ ግን 21 በመቶ ደርሰዋል። የከተማ ልጆች የሚያድጉት በእነዚህ እናቶች ገበታ ዙሪያ ነው፤ የእናቲቱን ክብደት የጨመረው ዘይት፣ ስኳርና መቀመጥ ለልጁም ይደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት የዓለም ልጆች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ከክብደት በታች ከሆኑት በቁጥር መብለጣቸውን ገልጧል። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ገና ወደዚያ አልደረሱም፤ ይህም ማለት ለእኛ ጊዜ አለን ማለት ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። ሰመራ ደግሞ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ፣ የዩኒቨርሲቲና የጅቡቲ አውራ ጎዳና ከተማ ናት። በሁለቱም የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴውና የከባድ መኪና ሾፌሩ ይኖራሉ፤ በአጥቢያዎቻችን ከሚቆሙት ምእመናን ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የከብቱ ወተት በድርቅ የነጠፈበት አርብቶ አደር አለ። በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ የከሳው ልጅና የወፈረው ልጅ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ በዐውደ ምሕረት «ልጆቻችሁን አሳንሳችሁ አብሉ» የሚል ጥቅል ምክር ከቶ ሊነገር አይገባውም። ምክሩን የሚሰማው ማን እንደ ሆነ አናውቅምና፤ የከሳ ልጅ ያላት እናት ሰምታ ብትፈጽመው ጉዳቱ ከባድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ አደገኛ ስሕተት እናስወግድ። «ወፈረ» የተባለ ልጅ ሁሉ የወፈረ አይደለም። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን እግሩና ፊቱ በውኃ ሊያብጥ ይችላል፤ ጉንጩ ሞልቶ ሲታይም ቤተሰብ «አገገመ» ብሎ ይደሰታል። መለያው ቀላል ነው። የሁለቱን እግሮች የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው። በሁለቱም እግሮች ላይ ጎድጓዳ ምልክት ከቀረ ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ካህን ቤት ለቤት ሲባርክ ይህን ማወቁ ሕይወት ያድናል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ልኬት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሕፃናት ክንድ ላይ የሚያስሩት ባለ ቀለም መለኪያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉት ክሳትን ለመለየት የተዘጋጀ ነው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ይሆናል። አረንጓዴ መሆኑ ልጁ አለመክሳቱን እንጂ አለመወፈሩን አይናገርም። ውፍረትን ለማወቅ ክብደትም ቁመትም ተለክቶ ከዕድሜና ከጾታ ጋር በዕድገት ሠንጠረዥ ላይ መታየት አለበት። በዓይን ግምት መፍረድ አይቻልም። ዕድገቱ የቀነጨረ ልጅ አጭር ስለ ሆነ ብቻ ክብ መስሎ ይታያል፤ አንዳንዴም በእውነት ቀንጭሮ ሳለ ይወፍራል። የወፈረ ልጅ ደም ማነስም ሊኖርበት ይችላል፤ ሆድን የሚሞላ ሁሉ ሰውነትን አይገነባምና።

እንግዲህ ልጁ በእርግጥ ወፍሮ ቢገኝ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ወላጆች የሚቸኩሉበትን ነገር በጥንቃቄ ማስረዳት ይገባናል። የአዋቂ ሰው ቁመት አይጨምርም፤ ስለዚህ ውፍረቱን ለማስተካከል ክብደት መቀነስ አለበት። ልጅ ግን ያድጋል። ለአብዛኞቹ ልጆች የሚፈለገው ክብደትን መቀነስ ሳይሆን ቁመት እስኪደርስበት ድረስ ክብደቱን ባለበት ማቆየት ነው። ለምሳሌ 34 ኪሎ የሚመዝንና 130 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የ8 ዓመት ወንድ ልጅ እንውሰድ። ክብደቱ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ካሬ ሲካፈል 20.1 ይሆናል፤ ይህም ለዕድሜው እጅግ ከፍተኛ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ቢያድግና ክብደቱ እዚያው 34 ኪሎ ላይ ቢቆይ፣ ስሌቱ ወደ 18.4 ይወርዳል። አንድም ኪሎ ሳይቀንስ፣ አንድም ቀን ሳይራብ፣ ለጤናማው ልክ እጅግ ቀርቧል። በወር ውስጥ ይህን ያህል ኪሎ አስቀንሳለሁ የሚል ዱቄት፣ ሻይ ወይም ክኒን በገበያም ሆነ በስልክ ቢቀርብ ለልጅ አይሰጥ። ልጅን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሰመራ ሙቀት ማስሮጥም እንዲሁ ነው፤ በላብ የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ አደጋውም ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

በእነዚህ ከተሞች ክብደትን ከሚጨምሩት ነገሮች መካከል ቀዳሚ አድርገን የምናየው የሚጠጣውን ነው። በሰመራ በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ልጅ ይጠማል፤ ሱቁ በቅርብ ነው፤ ለስላሳው ቀዝቅዞ ይጠብቃል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። በቀን አንድ ጠርሙስ የሚጠጣ ልጅ በወር 900 ግራም፣ ማለትም ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ስኳር ጠጣ ማለት ነው። ኪሎ ስኳር ገዝቶ ለልጁ በማንኪያ የሚያበላ ወላጅ የለም፤ በጠርሙስ ሲሆን ግን አይታየንም። በዚህ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ሻይ አለ። ጥማት የውኃ ጉዳይ ነውና ልጁ ቀድሞ ውኃ ይጠጣ፤ በእንስራ ወይም እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ዕቃ የቀዘቀዘ ውኃ በቂ ነው። ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት አፋሮች እንደሚያደርጉት ስኳር ሳይጨመርበት የሚጠጣ ወተት ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል። በዚህ ረገድ ከጎረቤቶቻችን የምንማረው አለ።

ቀጥሎ ዘይት ነው። ወጥ ላይ ሲንሳፈፍ ማየት የእንግዳ አክብሮት ምልክት ሆኗል። እንጀራውን ከልጁ ከመቀነስ ይልቅ ዘይቱን ከድስቱ መቀነስ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዘይቱ ሲቀነስ የሚቀነሰው ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። በአዋሽ ወንዝ መስኖ ከሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ጋር የተሠራ ምስር ወይም ሽሮ፣ ጎመን ሲገኝ ጎመን፣ በመክሰስ ሰዓት ከብስኩት ይልቅ ቆሎ ወይም ንፍሮ፤ ይህ ለከሳውም ለወፈረውም ልጅ የሚስማማ ገበታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲዘወተር፣ ስኳር፣ ጨውና ስብ እንዲቀነስ ይመክራል። በአንድ ገበታ ዙሪያ መብላታችን ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ማን ምን ያህል እንደ በላ አያሳይም። ስለዚህ ልጅ «ጠገብሁ» ሲል ይታመን። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ከጠገበ በኋላ ሲደጋገም ግን ልጁ የራሱን ጥጋብ ማድመጥ ይተዋል።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ብርቱ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሰመራ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ካልሆነ በቀር ልጅ ሜዳ ላይ አይወጣም፤ ቀኑን ሙሉ በማራገቢያ ሥር ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር ይውላል። ጥላ ያለው ግቢ በእነዚህ ከተሞች ብርቅ ነው። ዛፍ የተከለች አጥቢያ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ማብቂያ ልጆች ከቤተ መቅደሱ ራቅ ብለው በሥርዓት እንዲሮጡ ቦታ ብትለይላቸው፣ ያለ ምንም በጀት ታላቅ ሥራ ሠራች ማለት ነው።

አሁን ወደ ጾም እንምጣ፤ ካህናት ይበልጥ የሚጠየቁት ይህን ነውና። «ልጄ ወፍሯል፤ ቢጾም ይከሳ ይሆን?» የምትል እናት አለች። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጆች ከ7 ዓመት ጀምሮ እንደ አቅማቸው ጾምን ይለማመዳሉ። ጾም ግን ከጸሎት፣ ከስግደትና ከምጽዋት ጋር የሚኖር የነፍስ ሥርዓት እንጂ የክብደት መቀነሻ ዘዴ አይደለም። ልጅ ጾምን የውፍረቱ ቅጣት አድርጎ ካወቀው፣ ሲያድግ ሁለቱንም ይጠላል። ደግሞም የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ በለስላሳ የሚወራረድ ዳቦ የፍስክ ምግብ የለበትም፤ ክብደትን ግን ይጨምራል። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የንስሐ አባት እንደሚያስተውል ሁሉ፣ ሐኪም ልዩ አመጋገብ ላዘዘለት ልጅም እንዲሁ ያስተውል።

ሰበካ ጉባኤያት በእጃቸው ያለውን ነገር ይመልከቱ። በጽዋ ማኅበር፣ በዝክርና በሰንበት ትምህርት ቤት በዓል ላይ ለልጆች የሚቀርበው ምንድን ነው? ሣጥን ለስላሳ ማቅረብ የበጎ አድራጊዎች ልማድ ሆኗል፤ በጎ አድራጊውን ሳናስቀይም ገንዘቡን ወደ ውኃ፣ ወደ ሙዝ ወይም ወደ አሳይታ ተምር ማዞር ይቻላል። ተምርም ጣፋጭ ነውና በጥቂቱ ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም አንደበታቸውን ይጠብቁ። «ድብልብል»፣ «ዱባ» እያሉ መጥራት እንደ ጨዋታ ቢቆጠርም፣ የተሳቀበት ልጅ በድብቅ ይበላል፤ ከጨዋታም ይርቃል፤ ኋላም ከመዝሙሩ ይቀራል። በስብከት የማንም ልጅ ሰውነት ምሳሌ ሆኖ አይጠቀስ። ለውጥ የሚያስፈልገው ቤት ቢኖር ወንድምም እኅትም አባትም አብረው ይለውጡ፤ አንዱ ልጅ ብቻ ተነጥሎ ውኃ እየተሰጠው ሌሎቹ ለስላሳ የሚጠጡበት ገበታ ፍርድ እንጂ ሕክምና አይደለም።

አንዳንድ ልጆች በምክር ብቻ አይመለሱም። ሌሊት ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ዘወትር የሚጠማና ሽንት የሚያመላልሰው፣ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን እያመመው የሚያነክስ፣ አንገቱ ዙሪያ ቆዳው የጠቆረ፣ ወይም ቁመቱ ቆሞ ክብደቱ ብቻ በፍጥነት የጨመረ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እነዚህን ምልክቶች የአጥቢያው የልማት ክፍል በአንድ ወረቀት ጽፎ በሰንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ መልካም ነው።

ከሁሉ የቀደመው አጋጣሚ ግን በየአጥቢያው ዘወትር የሚገኝ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለጥምቀት ስትመጣ እናት ከሕፃኑ ጋር በካህኑ ፊት ትቆማለች። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየጀመሩ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ሕፃኑን ከክሳትም ከውፍረትም ይጠብቃል። ይህን ለመናገር ከጥምቀቱ በኋላ፣ ድግሱ ሳይጀመር፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አባትየውም አብሮ ቢሰማ እጅግ ይሻላል፤ ለልጁ በመጀመሪያ ጠርሙስ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።